ከትነት ሣህን እስከ መስኖ ቦይ

ገንዳ ውሃ የምትገኝበት የመተማ ቆላ ዝናብ የሚያገኘው በዋነኛነት ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅሉትም በዚሁ ዝናብ ነው። በበጋ ከወንዝ በፓምፕ ስቦ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ግን ውኃውን በነዳጅ ይገዛዋል። ስለሆነም «ሰብሉ በቀን ምን ያህል ውኃ ያጣል?» የሚለው ጥያቄ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የኪስም ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ከአንድ ቀላል መሣሪያ ተነሥተን እንፈልጋለን።

መሣሪያውና ንባቡ

ክላስ ኤ የሚባለው የትነት ሣህን ዲያሜትሩ 120.7፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክብ የብረት ገንዳ ነው። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል። የውኃው ከፍታ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካል። ዝናብ ካልጣለ የቀነሰው ከፍታ ራሱ ትነቱ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ውኃው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ትነቱ 8 ሚሊ ሜትር ነበር ማለት ነው።

ሣህን ሰብል አይደለም

ሰብል ውኃ የሚያጣው በሁለት መንገድ ነው፤ ከአፈሩ በትነት፣ ከቅጠሉ ደግሞ በላበት። ቅጠል ሌሊት ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፤ ሣህኑ ግን ቀን ባጠራቀመው ሙቀት ሌሊትም ይተናል፤ የብረቱም ጎን በፀሐይ ይግላል። ስለዚህ ንባቡን ከ1 በሚያንስ የሣህን ማባዣ እናባዛለን፤ ውጤቱ የማጣቀሻ ሣር የውኃ ፍጆታ ይባላል። ይህን ደግሞ በሰብሉ ማባዣ ስናባዛ የሰብሉን ፍጆታ እናገኛለን። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ የሽንኩርት ማባዣ በእድገቱ አጋማሽ 1.05 ነው።

አንድ ምሳሌ

የሣህኑ ንባብ በቀን 10 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ብዙ ጊዜ በአማካይ የሚወሰደውን 0.70 ብንጠቀም፦

10 × 0.70 × 1.05 = 7.35 ሚሊ ሜትር

በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ፍጆታው በቀን 73.5 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ሆኖም በቆላው በጋ ሣህኑን የሚከበው አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ማሳ ነው። ከዚያ የሚነፍሰው ትኩስና ደረቅ አየር የሣህኑን ትነት ያንረዋል። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች፣ ነፋሱ ለስላሳ፣ ደረቁም መሬት በነፋሱ መምጫ እስከ 100 ሜትር የተዘረጋ ከሆነ የፋኦ ሠንጠረዥ 0.55 ይሰጣል፦

10 × 0.55 × 1.05 = 5.775 ሚሊ ሜትር

ይኸውም 57.75 ሜትር ኩብ ነው። ልዩነቱ በቀን 15.75 ሜትር ኩብ ነው። ከሚሳበው ውኃ 60 በመቶው ብቻ ለሥሩ የሚደርስ ከሆነ፣ በ30 ቀን 787.5 ሜትር ኩብ ውኃ በከንቱ ይሳባል ማለት ነው። ትርፉ ውኃ በዋልካ አፈር ላይ ተኝቶ የሽንኩርቱን ሥር አየር ሊያሳጣም ይችላል።

እንግዲህ ሣህን ከማንበባችን በፊት ዙሪያውን እንይ፤ ማባዣውን የሚወስነው አካባቢው ነውና። ስሌቱ መነሻ ስለሆነም ከመስኖው በፊት አፈሩን እስከ ሥሩ ጥልቀት ቆፍረን እርጥበቱን በእጃችን ማረጋገጥ አይቅር።