ቫይረሱ በህዋሳችን ውስጥ እንዴት ይባዛል?

ኮቪድ-19ን በሚመለከት ኅብረተሰቡ በተደጋጋሚ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች መካከል «አንቲባዮቲክ ለምን አያድነውም?» እና «ክትባቱ ዘረመላችንን ይለውጣልን?» የሚሉት ይገኙበታል። ለሁለቱም መልስ ለማግኘት ህዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን መንገድ መረዳት ይጠቅማል።

ፕሮቲን እንዴት ይሠራል?

ጡንቻን የሚገነቡት፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዙት፣ በሽታን የሚከላከሉልን ፕሮቲኖች ናቸው። የአሠራራቸው መመሪያ በህዋሱ አስኳል ውስጥ በሚገኘው ዲኤንኤ ላይ ሰፍሯል። ዲኤንኤ ከአስኳሉ አይወጣም፤ የሚፈለገው ክፍል ብቻ መልእክተኛ አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ቅጂው ከአስኳሉ ወጥቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት ሪቦዞም ይደርሳል። ሪቦዞም የቅጂውን ፊደላት ሦስት ሦስት እያደረገ በማንበብ፣ ከ20ዎቹ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ተገቢውን በተራ እያያያዘ ፕሮቲኑን ይሠራል። ቅጂው አገልግሎቱን ሲጨርስ ይፈርሳል።

ቫይረሱ ምን ያደርጋል?

ኮሮና ቫይረስ 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት አርኤንኤ በፕሮቲንና በስብ ሽፋን ተጠቅልሎ የያዘ ነው። የራሱ ሪቦዞም ስለሌለው ከህዋስ ውጪ ሊባዛ አይችልም። ሾህ መሰል በሆነው ፕሮቲኑ ከመተንፈሻ አካላት ህዋሳት ጋር ተጣብቆ ከገባ በኋላ ግን የእኛው ሪቦዞም የቫይረሱን መመሪያ አንብቦ ፕሮቲኖቹን ይሠራለታል።

አንቲባዮቲክ ለምን አይሠራም?

ቴትራሳይክሊንና አዚትሮማይሲን የሚያውኩት የባክቴሪያን ሪቦዞም ነው። ቫይረሱ የሚጠቀመው የሰውን ሪቦዞም በመሆኑ መራባቱን አያስቆሙትም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰዳቸው መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንዲበራከቱ ያደርጋል።

ክትባቱስ?

እንደ ፋይዘር ያለው ክትባት የሾሁን ፕሮቲን መመሪያ ብቻ የያዘ መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። ሪቦዞም ፕሮቲኑን ሲሠራ ሰውነት ለይቶ ያውቀዋል፤ መከላከያም ያዘጋጃል። መልእክቱ ወደ አስኳሉ ስለማይገባ ዲኤንኤን አይለውጥም፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይፈርሳል።

ስለዚህ፦

• እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ያፈርሳል።
• አፍንጫንና አፍን በአግባቡ በማስክ መሸፈን።
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አለመውሰድ።
• ክትባትን በወቅቱ መከተብ።
• ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።