የሥራ ጉዞን ለቤተሰብ ሲባል ማስቀነስ

የሥራ ጉዞ የሚባለው ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ከመደበኛ የሥራ ቦታው ውጭ የሚሄደው ነው፤ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረገው የዕለት ምልልስ እዚህ ውስጥ አይገባም። በአሽዶድ ሮቫ ቴት ቫቭ የሚኖር የጥገና ባለሙያ ወደ ኤላት ወይም ወደ ቂርያት ሽሞና ተልኮ ሲያድር፣ ልጆቹን ከጋን (ከመዋዕለ ሕፃናት) የሚቀበል ሰው ይታጣል። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናቱን ወደ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ወስዶ የሚያስተረጉምላቸውም አይኖርም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕግ የሰጠውንና በድርድር የሚገኘውን መለየት ያስፈልጋል። በእስራኤል አሠሪው ጉዞ እንዲቀንስ የሚያስገድደው አጠቃላይ ሕግ የለም። ሆኖም በ1954 የሴቶች የሥራ ሕግ መሠረት ሙሉ ቀን የሚሠራ ወላጅ፣ የወሊድ ፈቃዱ ካበቃ በኋላ ለ4 ወር በቀን አንድ ሰዓት ያለ ደመወዝ ቅነሳ ያገኛል። በ1993 የወጡ ሕጎች ደግሞ ሠራተኛው ከራሱ የሕመም ፈቃድ ላይ፣ ከ16 ዓመት በታች ለሆነ የታመመ ልጅ በዓመት እስከ 8 ቀን፣ በሰው እጅ ለሚረዳ ዕድሜው 65 ለሞላ ወላጅ እስከ 6 ቀን እንዲጠቀም ይፈቅዳሉ። የ1988ቱ የእኩል ዕድል ሕግ 6 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ በወላጅነት ምክንያት ማድላትን ይከለክላል።

ቀጥሎ ዝግጅት ይመጣል። ያለፉት ወራት ጉዞዎች አንድ በአንድ ይታያሉ፦ የትኛው በአካል መገኘትን ጠየቀ? የትኛው በዙም ሊካሄድ ይችል ነበር? የትኞቹ ሁለት ጉዞዎች በአንድ ሊጠቃለሉ ይችሉ ነበር? ጉዞው ሲቀንስ የሚቀረው ውሎ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከትሉሹ (ከደመወዝ ወረቀቱ) ላይ ይሰላል፤ የቤቱ በጀት ካልቻለው ጥያቄው መስተካከል አለበት።

ውይይቱ የሚጀመረው የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም ሳይወጣ ነው። «ጉዞው በዛብኝ» ማለት ለአለቃው የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። «በወር ከሁለት ሌሊት በላይ ከቤት ውጭ አላድርም፤ ጉዞውም ከሳምንት በፊት ይነገረኝ፤ ለሦስት ወር እንሞክረው» የሚል ጥያቄ ግን መልስ ያገኛል። በምላሹም በስልክ እገዛ መስጠት ወይም አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን ይቀርባል። የቤተሰቡን ችግር በአጭሩ መግለጽ ይበቃል፤ የሕመም ምስጢር መዘርዘር አያስፈልግም። በአለቃ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ሆኖ በሚቆጠርበት ቤት ያደገ ሰው፣ በእስራኤል መሥሪያ ቤት ዝምታ እንደ ስምምነት እንደሚወሰድ ማወቅ አለበት።

ስምምነት ላይ ሲደረስ የተባለው ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ይላካል፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። አሠሪው በተቃራኒው በውሉ ያልነበረ ከባድ ጉዞ ከጨመረ፣ የ1963ቱ የስንብት ክፍያ ሕግ የሥራ ሁኔታው በግልጽ የከፋበት ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ እንደ ተሰናበተ ተቆጥሮ ክፍያ የሚያገኝበትን መንገድ ይከፍታል። ለዚህም ሠራተኛው አስቀድሞ ቅሬታውን በጽሑፍ አሳውቆ ለማረሚያ በቂ ጊዜ መስጠት ይኖርበታል። ስለዚህ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከጠበቃ ሳይመክሩ መልቀቂያ ማስገባት አይገባም።