ማወቅ ያለብዎ፦ «ጥናቱ ጸድቋል» ብለው ደጅዎ ሲመጡ

ምዕራብ ጎጃም ለተመራማሪ አዲስ አገር አይደለም። ደንበጫ ወረዳ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዝናብና የደለል መጠን ሲለካ ኖሯል። ቡሬ ላይ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ሩቅ አይደለም። ወባው፣ የእግር እብጠቱ፣ የአፈሩ አሲዳማነት፣ የበርበሬው መጠውለግ፣ ሁሉም አጥኚ ይጠራል። እናም አንድ ቀን ታብሌት የያዙ ሁለት ወጣቶች ከቀበሌው ሰው ጋር ደጅዎ ቆመው፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ዘርግተው «ጥናቱ ጸድቋል፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው» ቢሉዎ አይደንቅም።

ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የጸደቀው እነሱ እርስዎን መጠየቅ እንዲችሉ ነው። እሺም እምቢም ማለት ገና በእጅዎ ነው። ይህን የምለው ጥናት ይቅርብዎ ለማለት አይደለም። አጥኚው ግን በጀት አለው፣ ቀነ ገደብ አለው፣ መሙላት ያለበት የሰው ቁጥር አለው። ካልጠየቁት ሳይነግርዎ የሚያልፈው ነገር አይጠፋም።

ስለ ወረቀቱ

• ያጸደቀው ማን ነው? ከወረዳ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ «ትብብር ይደረግላቸው» የሚል ብቻ ነው፤ በእርስዎ ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አልመረመረም። መርምሮ የሚፈቅደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው፤ ይህም የዩኒቨርሲቲ ወይም የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ዓይነት ተቋም ኮሚቴ ሊሆን ይችላል። አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት የሚሞከር ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። ልብ ይበሉ፦ የወረዳውን ደብዳቤ ብቻ ካሳዩዎ «የኮሚቴውስ የታለ?» ይበሉ።

• ቀኑ ምን ይላል? ፈቃድ ጊዜ አለው፤ ያልፍበታል። ከሥራው በኋላ የተጻፈም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. በ1996 ናይጄሪያ ካኖ ከተማ ውስጥ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲነሳ ፋይዘር ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን በሕፃናት ላይ ሞከረ። ከዓመታት በኋላ ነገሩ ሲመረመር፣ ለሙከራው ማስረጃ ሆኖ የቀረበው የአንድ የካኖ ሆስፒታል የፈቃድ ደብዳቤ ከሙከራው በኋላ ተጽፎ የኋላ ቀን የተሰጠው ሆኖ ተገኘ፤ በወቅቱ ሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ እንኳ አልነበረውም። ኩባንያው ጥፋት አልሠራሁም ቢልም እ.ኤ.አ. በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ማህተም አይቶ ማለፍ የማይበቃው ለዚህ ነው።

• ወረቀቱ ላይ ያለው ሥራ ደጅዎ ከመጣው ሥራ ጋር አንድ ነው? የተፈቀደው ቃለ መጠይቅ ሆኖ ሳለ መርፌ ካወጡ እዚያው ያስቁሟቸው።

ይዟቸው ስለመጣው ሰው

ከሁሉ የምፈራው ወጥመድ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ማንም ክፉ ሳያስብ ነው የሚጠመደው። አጥኚው ቤቱን አያውቀውም፤ መንገድ መሪ ያስፈልገዋል። መሪ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ክረምት ሲገባ የማዳበሪያ ስም ዝርዝር የሚይዘው፣ የመታወቂያ ወረቀት የሚጽፈው፣ ልጅዎን የምትከትበዋ እነዚሁ ሰዎች ናቸው። እነሱ አጠገብ ቆመው «ፈቃደኛ ነዎት?» ሲባሉ፣ አንደበትዎ እሺ ቢልም የፈሩት የማዳበሪያ ወረፋዎን ማጣት ሊሆን ይችላል።

• እምቢ ብል ምን አጣለሁ? ጮክ ብለው ይጠይቁ፣ መሪውም ይስማ። ትክክለኛው መልስ «ምንም» ነው፤ ማዳበሪያም፣ ሕክምናም፣ ሴፍቲኔትም አይነካም። ይህ በስምምነት ቅጹ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። ልብ ይበሉ፦ «ምንም አይቀርብዎትም፣ ግን...» ብሎ የጀመረ ሰው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ይጨርስ።

• መሪው ፈቀቅ ቢልስ? «እስቲ እኛን ብቻ ተዉን» ማለት ነውር አይደለም፤ ደኅና አጥኚ ራሱ ቀድሞ ያደርገዋል።

• ማደር ይቻላል? «ዛሬውኑ ካልፈረሙ ያመልጥዎታል» ከተባሉ ይምለጥዎ። ከባለቤትዎ፣ ከተማረው ልጅዎ፣ ከነፍስ አባትዎ ጋር ይምከሩ።

• ማን ያነብልዎታል? ማንበብ ካልቻሉ ቅጹ ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ይነበብልዎ፤ ጣትዎን ሲያሳርፉ ምስክር ይኑር። ምስክሩ ግን ከእነሱ ጋር የመጣ ሰው አይሁን። የቅጹ አንድ ቅጂም እርስዎ ዘንድ ይቀራል። «ለቢሮ ነው» ብለው ሁለቱንም ይዘው የሚሄዱ አሉ።

ደምና መድኃኒት ከሆነ

• ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል? 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ ጤነኛ ዐዋቂን አይጎዳም። በየወሩ ለዓመት ከሆነ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ በተለይ ለልጅና ለነፍሰ ጡር።

• ደሙ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ? ውጭ አገር? ናሙና ከአገር ሲወጣ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቅበታል። ለሌላ ጥናት የሚቀመጥ ከሆነ ለብቻው ሊጠየቁ ይገባል። ልብ ይበሉ፦ «ለወደፊት ምርምር» የምትለው ሐረግ ብዙ ጊዜ የምትገኘው ከገጹ ግርጌ ነው።

• የዘር ምርመራ አለው? በወላይታ የእግር እብጠት የዘር ጥናት ሲካሄድ ቤተሰቦችን ያስጨነቃቸው መርፌው ሳይሆን «በዘር የሚወርድ ነው» መባሉ የሚያመጣው መገለል ነበር። ጎጃም ውስጥ ልጅ ለሚድር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ውጤቱን ማን ያያል? የአጥኚዎቹ መኪናስ በማን በር ላይ ቆሞ ይታያል?

• ዕጣ አለበት? ብዙ ጥናት ሰውን በዕጣ ይከፍላል፤ አንዱ መድኃኒቱን ዛሬ ያገኛል፣ ሌላው ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2006 ምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ በተጀመረው የትራኮማ ጥናት 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተከፋፍለው ነበር፤ ከእነሱ 12ቱ ሕክምናውን ያገኙት ዓመት ዘግይተው ነው። በምሥራቅ ጎጃም የእግር እብጠት ሙከራም ግማሾቹ ታማሚዎች ከ12 ወር በኋላ እንዲታከሙ ተደርጓል። አሠራሩ በሳይንስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ተጠባቂው ወገን ሊደርስዎ እንደሚችል ማወቅ ያለብዎ ከመፈረምዎ በፊት ነው።

• የወባ መድኃኒት ከሆነስ? ቫይቫክስ የተባለችው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቃ እንዳትመለስ ፕሪማኪን ይሰጣል። መድኃኒቱ ጂ-6-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሰውን ሰው ቀይ የደም ሴሎች ሊያፈርስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። «ቀድማችሁ ትመረምሩኛላችሁ?» ይበሉ። ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ።

• ብታመም የሚያሳክመኝ ማን ነው? የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወጪ፣ የባጃጁም ጭምር፣ በማን ሒሳብ ነው? በቃል «አይዞዎት፣ እኛ አለን» መባሉ አይበቃም። መስመሩን በጣታቸው ያሳዩዎ።

ማሳ ከሆነ

• የትኛው ቁራሽ ነው ማዳበሪያ የማያገኘው? ማነጻጸሪያ መደብ የሌለው የሰብል ሙከራ የለም። ከእርሻዎ አንድ ቃዳ ከሰጡ፣ ከእሱ ላይ ሆነ ተብሎ ያለ ማዳበሪያ ወይም ያለ ኖራ የሚዘራ ክፍል ሊኖር ይችላል። በዚያ ክፍል የሚጎድለውን እህል ማን ይተካል? በኩንታል ነው በብር? በብር ከሆነ በየትኛው ወር ዋጋ? በቆሎ በታኅሣሥና በሐምሌ አንድ ዋጋ የለውም፤ በታኅሣሡ ሊተምኑልዎ ይችላሉ።

• ከነጻው ዓመት በኋላ ምን ይመጣል? የመጀመሪያው ዓመት ኖራ ወይም ምርጥ ዘር በነጻ ይመጣል። ኖራ ደግሞ በሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል፤ ከዋጋው ይልቅ ማጓጓዣው ይከብዳል። ድቅል የበቆሎ ዘር ከሆነ ከራስዎ ምርት አስቀርተው ቢዘሩት እንደ መጀመሪያው አይሰጥም፤ በየዓመቱ መግዛት ሊኖርብዎ ነው። ይህን በሰርቶ ማሳያው የጉብኝት ቀን የሚነግርዎ ሰው እምብዛም አያገኙም።

• መሬቱ በእርከን ይያዛል? አንጀኒ ላይ ፋንያ ጁ የተባለው እርከን ሲሠራ አፈሩን ያዘ፣ ተዳፋቱንም ቀስ በቀስ አደላደለ። እርከኑ ያረፈበት መሬት ግን ከሚታረሰው ላይ ተቀንሶ ነው፤ ጠባብ ማሳ ላላቸው ቅናሹ ቀላል አይደለም። ስንት ሜትር እንደሚወስድ ሳይለካ አይፍቀዱ።

• ድካምዎ ተቆጥሯል? አረሙ፣ ጥበቃው፣ ለናሙና አጨዳ መጠበቁ። «የገበሬው አስተዋጽኦ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው የእርስዎ ጉልበት ነው።

ዘርና የአያት ዕውቀት ከሆነ

ስለ ዕፀዋት መድኃኒት የሚጠይቁ፣ የጤፍ ወይም የዳጉሳ ዘር በፖስታ የሚቋጥሩ እንግዶች ይመጣሉ። እዚህ ላይ አገሪቱ ራሷ ዋጋ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የጤፍ ዘር ወስዶ ጥቅም ለማካፈል ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተፈራረመ፤ በጤፍ ዱቄት ላይም ፓተንት አወጣ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ኢትዮጵያ ያገኘችው ወደ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነው። ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

• በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ አላቸው? አዋጁ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ቅድመ ስምምነት መውሰድን ይከለክላል። ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ወረቀቱን ሳያዩ ሥሩንም ቅጠሉንም አያሳዩ።

ገንዘብና ስልክ

• ይከፍሉዎታል ወይስ ያስከፍሉዎታል? እውነተኛ ጥናት የመመዝገቢያ ብር አይጠይቅም። አምስት ብርም ቢሆን ከጠየቁ ይሸኟቸው።

• አበል በቴሌብር እንልካለን ካሉ ስልክ ቁጥርዎ ይበቃቸዋል። የሚስጥር ቁጥርዎን ወይም በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ከጠየቁ የመጡት ለጥናት አይደለም።

• የፋይዳ ቁጥር፣ የቤትዎ የጂፒኤስ ነጥብ፣ የወንድ ልጆችዎ ዕድሜና ያሉበት ቦታ ለምን ያስፈልጋል? ጊዜው የሚታወቅ ነውና ይህን መጠየቅ ተጠራጣሪ አያሰኝዎም። ከጥናቱ ጋር ካልተያያዘ አይመልሱ፤ አንዱን ጥያቄ ዘልሎ ሌላውን መመለስ መብትዎ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቷል።

• የሚሰጥዎ አበል የዋሉበትን ቀን ይሸፍናል? ሰኔ ላይ በሬዎን ፈትተው ሁለት ሰዓት ጥያቄ ሲመልሱ የሚቀበሉት አንድ ሳሙና ከሆነ፣ ይህም ምርጫዎ ነው፤ አስቀድመው ግን ይወቁት።

ከፈረሙ በኋላም በሩ አልተዘጋም። በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጡ «ይበቃኛል» ማለት ይችላሉ፤ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ብቻ በድንገት ከማቋረጥ ሐኪሙን ያማክሩ። ውጤቱንም ይጠይቁ። አጥኚዎች መጥተው ጠይቀው፣ መመረቂያቸውን ጽፈው፣ ምን እንዳገኙ ለቀበሌው አንድ ቀን እንኳ ሳይናገሩ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። «መቼ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ?» ብለው ቀኑን ያስጽፉ።

አሁን ቅጹን ይገልብጡት። ሁለት ስልክ ቁጥሮች መኖር አለባቸው፤ አንዱ የዋናው አጥኚ፣ ሌላው የሥነ ምግባር ኮሚቴው። ወጣቶቹ ደጅዎ ላይ እንደቆሙ በራስዎ ስልክ ወደ ኮሚቴው ይደውሉ። የሚያነሳው ሰው ጥናቱን የማያውቀው ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ፣ ቡና አጠጥተው ይሸኟቸው እንጂ አይፈርሙ።