ለአኩሪ አተር የሚስማማው የአረም መድኃኒት የትኛው ነው?

በጤፍና በስንዴ ማሳ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚያጠፋውን ቱፎርዲ ገበሬያችን አሳምሮ ያውቀዋል። በአገራችን የሚዘራው አኩሪ አተር ግን ራሱ ባለ ሰፊ ቅጠል ስለ ሆነ፥ ይኸው መድኃኒት ከአረሙ ጋራ ሰብሉንም ያጠፋበታል። ስለዚህ መድኃኒቶቹን በየጊዜያቸው ለይተን እንመልከት።

1ኛ/ ከመዝራት በፊት፤ ግላይፎሴት የበቀለውን ሁሉ ይገድላል፤ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ግን አይረጭም።

2ኛ/ ተዘርቶ ሳይበቅል፤ ኤስ-ሜቶላክሎር እርጥብ አፈር ላይ ሲረጭ የሣር አረሙን ከመሬት ሳይወጣ ያስቀረዋል።

3ኛ/ ከበቀለ በኋላ፤ ፍሉአዚፎፕ ሣሩን ብቻ ይገድላል፤ ባለ ሰፊ ቅጠሉ አረም በእጅ ይታረማል።

መጠኑ በመያዣው ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ነፋስ ሲበረታ አይረጭ፤ ቱፎርዲ የነበረበት መርጫም በሚገባ ሳይታጠብ ወደ አኩሪ አተር ማሳ አይግባ። ገበሬው ማሳውን የሚያምነው ለምክራችን ነውና፥ ከማስተማራችን በፊት ይህን እንወቅ።