መስኮቱን መዝጋት መውጣት አይደለም

ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና አጠገብ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ለቤት ክትትል ሄጄ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የደም ምርመራ ውጤታቸውን በጎረቤት ኮምፒውተር አይተው ኖሮ «ጨርሼ ዘግቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ። ጎረቤታቸው የኩፓት ሆሊሙን ገጽ ለራሷ ስትከፍት ግን የእኚሁ እናት ስም ወጣ፤ የስኳር መጠናቸው፣ መድኃኒታቸው፣ ቀጠሯቸው ሁሉ። የምስጢር ቃል የጠየቀ የለም።

እኔ ነርስ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ነገሩ የገባኝ በሙያዬ በኩል ነው።

ድረ ገጽ በተፈጥሮው ዝንጉ ነው። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲያልፉ ያው ሰው መሆንዎን አያውቅም። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1994 የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ «ኩኪ» የሚባለውን ዘዴ አመጣ። አገር ቤት ሆስፒታል የታከመ ሰው ካርድ ክፍልን ያስታውሳል፤ ቁጥር ያለባት ትንሽ ካርድ ይሰጡዎታል፣ ፋይሉ ግን እነሱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እዚህም እንደዚያው ነው። የምስጢር ቃልዎንና በስልክ የተላከልዎትን ኮድ ሲያስገቡ ድረ ገጹ ረጅም ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ እርስዎ በያዙት ኮምፒውተር ላይ፣ ማንነትዎን የሚያሳየው ፋይል በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ኮዱ የሚጠብቀው መግቢያውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ያለበትን ኮምፒውተር የያዘ ሰው እንደ እርስዎ ይቆጠራል።

አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ፋይል አያስቀምጡም። እንደ ሐኪም ሃፍናያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጥተው ይልኩዎታል። ስምዎና የሚያበቃበት ሰዓት እዚያው ተጽፏል፤ የነካካው ሰው በማኅተሙ ይታወቃል። ችግሩ፣ ፋይልን ወዲያው መቅደድ ይቻላል፤ የወጣ ደብዳቤን ግን ጊዜው ሳያልፍ መሰረዝ ያስቸግራል። ስለዚህ ዕድሜውን ያሳጥሩታል።

ገጹን በኤክስ ምልክት ሲዘጉት ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ አይጠፋም። «አስታውሰኝ» የሚለውን ምልክት ካደረጉበት ደግሞ ለቀናት፣ ለሳምንታትም ሊቆይ ይችላል። ባንኮች ለጥቂት ደቂቃ ካልነኩት ራሳቸው ያስወጣሉ፤ ሁሉም ድረ ገጽ ግን እንደ ባንክ አይደለም። ቁጥሩን የሚያስጥለውና ፋይሉን የሚያዘጋው «ዬጺአ» ወይም «ሂትናትኩት» የሚለው ቁልፍ ነው። ብዙ ጊዜ ስምዎ ላይ ሲጫኑ ይወጣል፤ እንዲህ ደብቀው ማስቀመጣቸው ሁሌ ይገርመኛል።

ሥራ ፈላጊዎችም ልብ በሉ። ቆሮት ሐዪም ለመላክ ወይም ለማተም በሕዝብ ኮምፒውተር ኢሜይል ከከፈታችሁ፣ ከመጀመሪያው «ግሊሻ በሴተር» በሚባለው መስኮት ክፈቱ፤ እነዚያ መስኮቶች ሁሉ ሲዘጉ ኩኪዎቹ አብረው ይጠፋሉ። ያወረዳችሁት ፋይል ግን ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል፣ በእጃችሁ አጥፉት። ኢሜይሉን ከፍታችሁ ከሄዳችሁም ጂሜይል ከሆነ መመለስ አያስፈልግም፤ በስልካችሁ ወደ ጉግል መለያችሁ ገብታችሁ፣ ከደኅንነት ክፍሉ ውስጥ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር አውጥታችሁ፣ ያንን ኮምፒውተር ማስወጣት ትችላላችሁ።