ባሕር የሌላት ደሴት

ስለ ደሴት ስናስተምር በሰሌዳው ላይ አስቀድመን የምንሥለው ባሕርን ነው። በዚህ ትምህርት ግን ባሕር የሌላትን ደሴት እንመለከታለን። የምትገኘውም በአገራችን፣ በቦረና ምድር ነው።

በመጀመሪያ የተለመደውን እንውሰድ። በኬፕ ቨርዴ ራሶ የምትባል 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ደሴት አለች። አንድ ዘማሪ ወፍ ለብዙ ዘመን በእሷ ብቻ ተወስኖ ኖሯል። አጥሩ ባሕር ነው፤ ይህ ለማንም ግልጽ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ አካባቢ ብቻ የሚኖር፣ በሳይንስ ስሙ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ የሚባል የቁራ ወገን አለ። (ቁራ ድምፁ ባያምርም በሥነ ሕይወት አመዳደብ ከዘማሪዎቹ ጎራ ነው።) ገላው ግራጫ፣ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው። ጎጆውን በግራር ላይ ከእሾህማ ጭራሮ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ሞልቶኒ ነው።

ታዲያ ለምን ወዲያ አይሻገርም? ባሕር የለ፣ የሚያግድ ገደል የለ! ከክልሉ ውጭም ያው ግራር፣ ያው ከብት አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት መልሱን ከአየሩ አገኘው። ወፉ የሚኖርበት ቦታ የዓመት አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን፣ ዙሪያው ግን ከዚያ ይበልጥ ይሞቃል። ኋላም እንደታየው፣ ሙቀት ሲበረታ ወፉ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ምግብ መልቀሙንም ይቀንሳል። እንግዲህ አጥሩ ሙቀት ነው ማለት ነው።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ምድር በሞቀች ቁጥር ደሴቲቱ ትጠባለች። የራሶን ወፍ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ ሳንታ ሉዚያ ደሴት አሻግረው ሁለተኛ ቤት ሰጥተውታል። የቦረናው ወፍ ግን ዙሪያው ሁሉ የሞቀ ስለሆነ ዘለል ብሎ የሚያርፍበት ጎረቤት የለውም። ስለሆነም ያለችውን ቦታ መጠበቅ የግድ ነው።

ለክፍል ሥራ፦
1. እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት፣ እኩለ ቀን ላይ ከአስፋልቱ ዳርና ከዛፍ ጥላ ሥር በቴርሞሜትር ሙቀት ለኩ። ልዩነቱ ስንት ዲግሪ ነው?
2. በዓይን የማይታይ አጥር ያለው ሌላ እንስሳ ወይም ተክል ከየትውልድ አካባቢያችሁ ጥቀሱ፤ ምክንያቱንም አስረዱ።
3. ይህን ትምህርት ያቤሎን አይተው ለማያውቁ የ5ኛ ክፍል ልጆች በምን መርጃ መሣሪያ ታስተምራላችሁ?