ሁለት ቁጥር ሲለያይ፦ ስለ ጎማ ግፊት መብራት ትምህርት

አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣ ከታች የጎማ ጥርስ የመሰለ፣ በመካከሉ ቃለ አጋኖ የተቀመጠበት ቢጫ ምልክት ክሩስኮት ላይ ሲበራ ብዙ አሽከርካሪ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ወዲያው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ቁጥሩ ደስ እስኪለው ድረስ ያስነፋል። ሌላው «ይሄ ነገር ሁሌም ይዋሻል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሁለቱም መብራቱ ምን እንዳላቸው አልሰሙም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው፤ ሥሩን የያዘ ሰው ቀሪውን ራሱ ይደርስበታል።

መኪናን ተሸክሞ የሚሄደው በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲጎድል የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ መልሶ ይዘረጋል። ይህ መተጣጠፍ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ ደግሞ የጎማውን ንብርብሮች ያያያዘውን ያላላዋል። በከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ለሚነዳ ሰው ጉዳቱ ለወራት ላይታየው ይችላል። በፈጣን መንገድ ላይ፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ በቀትር ፀሐይ ሲሆን ግን ጎማው ይላጣል፣ ይፈነዳል። አሜሪካ ውስጥ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች እየተላጡ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚህም ምክንያት የአገሪቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ፤ ከሴፕቴምበር 2007 ወዲህ የሚመረቱ አዳዲስ የቤት መኪኖችም ይህ መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። አውሮፓ በ2014፣ ቻይና በ2020 አዳዲስ መኪኖቻቸውን ሁሉ ለተመሳሳይ ግዴታ አስገዝተዋል። መብራቱ በሰው ሕይወት የተገዛ ስለሆነ በቀላሉ «ይዋሻል» ልንለው አይገባም።

ይሁን እንጂ መብራቱ ራሱ መለኪያ አለመሆኑን እንወቅ። የአሜሪካው ሕግ መብራቱ እንዲበራ የሚያዘው ግፊቱ ፋብሪካው ካዘዘው 25 በመቶ ሲጎድል ነው። የታዘዘው 33 ፒኤስአይ ከሆነ 25 አካባቢ እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። 27 ላይ ያለ ጎማ የጎደለ ጎማ ነው፤ መብራቱ ግን ላይበራ ይችላል። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ «ለካ» እያለ ነው፤ ጠፍቶ ሲቆይ ግን «አትለካ» አላለም።

የታዘዘው ቁጥር የት ይገኛል? የሾፌሩን በር ስትከፍቱ በምሶሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ጎማው ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ስለሆነ በእርሱ አትንፉ። ወረቀቱ ላይ 230 ኪሎፓስካል ወይም 2.3 ባር ቢል ግራ አትጋቡ፤ በጎሚስታው ቋንቋ 33 ፒኤስአይ ነው። በቅርቡ ወደ አገራችን በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪያቸው ምክንያት ከባዶች ናቸውና ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ያለ ይታዘዝላቸዋል። የድሮ መኪናችሁን ቁጥር ለእነርሱ አትስጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ደገኛ አሽከርካሪ ከሌላው ይልቅ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ባሕር ዳርቻ ላይ የከባቢው አየር ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 11 ገደማ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቸርኬው ውስጥ የተቀመጠው ሴንሰር ግን ከውጭው አየር ጋር ስለማይገናኝ የሚለካው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ከዚያ ላይ የውጭውን አየር ቀንሶ ቁጥር የሚያወጣልን የመኪናው ኮምፒውተር ነው። አንዳንዱ መኪና ያለበትን ከፍታ ተረድቶ በልኩ ይቀንሳል። አንዳንዱ ግን የትም ይሁን የት ባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለ ቆጥሮ 14.7 ይቀንሳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጎሚስታው አዲስ አበባ ላይ በትክክለኛ መለኪያ 33 ነፋላችሁ። የውጭው 11 ሲጨመርበት ጠቅላላው 44 ይሆናል። መኪናው ከ44 ላይ 14.7 ሲቀንስ 29.3 ይቀረዋል፤ ክሩስኮቱም «29» ይላችኋል። ጎማው አልተነፈሰም፣ ጎሚስታውም አላታለላችሁም፣ ሴንሰሩም አልተበላሸም። ልዩነቱን ያመጣው ከፍታው ነው።

ታዲያ የትኛውን እንመን? የጎሚስታውን፣ መለኪያው ደኅና እስከሆነ ድረስ። ጎማን የሚወጥረው የውስጡና የውጩ ልዩነት ነውና። ክሩስኮቱ 33 እስኪል ድረስ ያስነፋ ሰው በእውነቱ 37 ገደማ ነፍቷል። እንዲህ ያለ ጎማ መሬቱን የሚይዘው በመሐሉ ስለሆነ በክረምት በረጠበ ኮብልስቶን ላይ ፍሬን ሲያዝ በቀላሉ ይንሸራተታል።

ወደ ቆላ ስትወርዱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ጠጥታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ የዘጋችሁትን ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አዋሽ ስትደርሱ ተመልከቱት፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨምድዷል። የውጭው አየር ስለከበደበት ነው። ጎማውም ላይ ያው ክብደት አለ፤ ሙቀቱ ባይኖር ኖሮ 33 ሆኖ የወጣው ጎማ ጅቡቲ ወደብ ላይ 29 ይሆን ነበር። ግን ሙቀት አየሩን ያስፋፋዋል። ከ15 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ስትወርዱ ሙቀቱ የጨመረውና ከፍታው የቀነሰው ተቀራራቢ ስለሚሆኑ ጎማው ቀዝቅዞ ሲለካ ወደ 33 ይጠጋል። ስለዚህ በረሃ ገብታችሁ፣ ጎማው ገና እንደጋለ፣ «በዝቷል» ብላችሁ አየር አታስተንፍሱ። በመንዳት የጋለ ጎማ አራት አምስት ፒኤስአይ ቢጨምር ፋብሪካው አስቀድሞ ያሰበበት ነው።

የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋትም በዚሁ ሕግ ይፈታል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ግፊት በ1.5 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ንጋት ላይ በርቶ እኩለ ቀን ላይ የሚጠፋ መብራት «ጎማህ ጠርዝ ላይ ነው» እያለ ነው። እኩለ ቀን ላይ ስለጠፋ ችግሩ አልተፈታም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከፍታው ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ባየን ቁጥር «ከፍታ ነው» ብለን ልንዘናጋ አይደለም ወይ? አይደለም። ከፍታ አራቱንም ጎማ እኩል ይነካል። ክሩስኮቱ 29፣ 29፣ 29፣ 24 ካለ አራተኛው ከፍታ አይደለም፤ ወይ ሚስማር ነው ወይ ቫልቭ። ልምድ ያለው ጎሚስታ ጣቱን በምራቅ አርሶ የቫልቩ አፍ ላይ ያሳርፋል፤ አረፋ ብቅ ካለ ነፋሱ የሚወጣው በዚያ ነው። ከቫልቩ ካልሆነ የሳሙና ውኃ ጎማው ላይ ሲፈስ ሚስማሩ ያለበት ቦታ አረፋ ያወጣል። የአራቱ እኩል ማነስም ብቻውን ነፃ አያወጣችሁም፤ ደኅና ጎማ እንኳን በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል ያጣል። መለያው አንድ ነው፤ በእጅ መለኪያ መለካት።

በቸርኬው ውስጥ ሴንሰር የሌላቸው መኪኖችም አሉ። እነዚህ የሚጠቀሙት የፍሬኑ ሥርዓት የሚቆጥረውን የጎማ ዙር ነው፤ አየር የጎደለው ጎማ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይዞራል። አራቱም አብረው ከጎደሉ ግን ልዩነት ስለማይኖር ላይታየው ይችላል። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ትልቁ ጥፋት ጎማውን ሳይነፉ «ሪሴት» መጫን ነው። መኪናው የጎደለውን ግፊት ትክክለኛ አድርጎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስጠነቅቃችሁ የለም። አስቀድማችሁ ንፉ፣ ከዚያ ሪሴት አድርጉ።

መብራቱ ሞተር ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የታመመው ራሱ ሥርዓቱ ነው። የሴንሰሩ ባትሪ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ ውስጡ የታሸገ ስለሆነም ሲያልቅ የሚቀየረው ሴንሰሩ በሙሉ ነው። ስትገዙ የመኪናችሁን መነሻ ተናገሩ፤ ከአሜሪካ የመጣ መኪና ብዙውን ጊዜ በ315 ሜጋኸርዝ፣ የአውሮፓው በ433 ስለሚነጋገር አንዱ ሌላውን አይሰማም። ሴንሰር የሌለው ስኮርታ ስትገጥሙም መብራቱ እንዲሁ ብልጭ ድርግም ይላል። በአንጻሩ አንዳንድ ላንድክሩዘርና ሌክሰስ ስኮርታው ውስጥም ሴንሰር አላቸው፤ አራቱን ለክታችሁ ጉድለት ካጣችሁ አምስተኛውን ተመልከቱ።

ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሊያላቅቅ ሲል «ከቫልቩ ሥር ሴንሰር አለ» በሉት። አብዛኛው ሴንሰር የሚሰበረው በሌባው ብረት ምት ነው፤ ቀድሞ የተነገረው ባለሙያ ግን ከቫልቩ ርቆ ይጀምራል። ጎማ ካቀያየራችሁ በኋላ ቁጥሮቹ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ መኪናው ቦታቸውን እንደገና እንዲማር አድርጉ። ነፍታችሁ መብራቱ ካልጠፋም ቶሎ አትፍረዱ፤ ቆሞ የነበረ ሴንሰር የሚነቃው መኪናው ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ነው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ አራቱንም ጎማ በራሳችሁ መለኪያ ለኩ። በበሩ ወረቀት ልክ አስተካክሉ። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ፣ ጎማው ሳይግል፣ ክሩስኮቱ የሚለውን ተመልክታችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በወረቀት ጻፉና መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። መብራቱ በሌላ ጊዜ ሲበራ ያንን ወረቀት አውጡ፤ የክሩስኮቱ ቁጥር ከበሩ ወረቀት ቁጥር የጎደለው ከተጻፈው ልዩነት ከበለጠ፣ ተሳፋሪ ጭናችሁ ከከተማ አትውጡ።